ቀጠሮ ያሳጠረ ሽታ

አቶ ሽመክት ሽማግሌ በማመላለስ እንጅባራ ላይ አቻ የላቸውም። ልጅ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ከዘመድ ልምከርበት፤ ሂዱና ተመለሱ» ይላሉ። ሴት ልጅ ቶሎ ከተሰጠች የተጣለች ያህል ነው ባይ ናቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ታላቋን ልጃቸውን ትዕግስትን ሊጠይቁ ከጥሊሊ የመጡትን ሽማግሌዎች ሲያመላልሱ ከረሙ። ሰዎቹ አንድ ቀን እንደሄዱ በዚያው ቀሩ፤ ልጁም ሌላ አገባ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማናለብሽ ያን ጊዜ፣ «ያንተ እንቁላል እግር ሳያወጣ ገማ» ብለው ለብዙ ቀን አኩርፈዋል።

አሁን ተራው የታናሿ የሶስና ነው። ሊያገባት ያሰበው የዳንግላው ልጅ መሳፍንት እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ቆርጧል። አስቀድሞም ለእናቷ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በስጦታ ልኳል። ማናለብሽ እንዲህ ያለ ክቡር ዕቃ ጓዳ አይቀመጥም ብለው ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጎን አቆሙት፤ ዳንቴልም አለበሱት። ውሃውን ሶስና ከግቢው ቧንቧ በጎማ እየሳበች ነው የምታጥብበት።

እሁድ ሲቃረብ ሳሎኑ መሽተት ጀመረ።

መጀመሪያ ማሽኑን የጠረጠረ የለም፤ ስጦታ እንዴት ይሸታል? አልጋ ስር የተከማቸው ድንች ተጠርጥሮ ወጣ። ድመቷ ተባረረች። የአቶ ሽመክት ጫማ ዝናብ ላይ አደረ። አቶ ሽመክት በዚህ ላይ ጋቢያቸው ጠፍቶባቸው ነበርና ሽታውንም ጋቢውንም ባንድ ላይ እየፈለጉ ቤቱን አተራመሱት። በመጨረሻ ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው ቢያሸቱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

የወፍጮ ቤት ሞተር የሚጠግነው ጎረቤታቸው ነጋ ተጠርቶ መጣና ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጠፈ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ አፍንጫውን ይዞ።

«ታዲያ ምኑ ነው የታመመው?» አሉ ማናለብሽ።

«ሽታው ነዋ!»

«ከፍተን እንየዋ!» ብለው አቶ ሽመክት እጃቸውን ሲሰዱ ሶስና ዘላ መሃል ገባች።

«አባዬ፣ እንዳይነኩት! እያጠበ መብራት ሄዶበት በሩ ተቆልፏል። በግድ ከተከፈተ ይሰበራል።»

የአማች ስጦታ ሰብሮ ሽማግሌ ፊት መቆም ደግሞ የባሰ ነው። ወደ ጓዳ እንዳይገፉት ማናለብሽ፣ «ማሽኑ የት ሄደ ቢሉስ? ሸጡት ይሉናል!» ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ሎሚ ተቆርጦ ዙሪያውን ተደረደረ፤ ጤና አዳምም ተነሰነሰበት። ቤቱ ሎሚ ሎሚ የሚል ግማት ገማ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወጉ ነውና፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ የቆሙትም ከማሽኑ ጎን ነው። አንጋፋው ጋሽ ደረሰ ጀመሩ።

«ከዳንግላ እንጅባራ ድረስ የመጣነው፣ ልጅዎን ለልጃችን...» አሉና አቋረጡ። ቀስ ብለው የጫማቸውን ሶል አዩ። ጠዋት መናኸሪያ የሄዱት በጋሪ ነበርና ፈረሱን ጠረጠሩ። ሁለተኛውም ሽማግሌ ሶሉን አየ። ሦስተኛው ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ የሚጸልይ መሰለ።

አቶ ሽመክት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከዘመድ ልምከርበት» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ነገሩ ታያቸው። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ቢመለሱ እንደገና መጥተው እዚሁ ይቆማሉ። ደግሞ ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይቆማሉ። ዳንግላ ሙሉ «የሽመክት ቤት ይገማል» ሊል ነው።

«ሰጥቻለሁ!» አሉ።

ጋሽ ደረሰ እግራቸውን ከነጫማቸው መሬት አወረዱ። «ምን አሉ?»

«ልጄን ሰጥቻለሁ። የቀረውን ውጭ፣ ነፋስ እየተቀበልን እንነጋገር።»

ሽማግሌዎቹ ለምን ብለው አልጠየቁም። በሩ እስኪጠብ ተጋፍተው ወጡና ካፊያው እየመታቸው መረቁ፤ እንዲያ ከልባቸው መርቀው አያውቁም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አቶ ሽመክት ሳሎን ገብተው ዘፍ አሉ። አፈሩ። «ልጄን ገበያ እንደሚበተንበት ሰዓት ድንች ሰጠኋት» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ሳያስለምኑ ሰጡ እባላለሁ።»

ሶስና ዳንቴሉን አነሳች። የማሽኑን በር በአንድ እጇ ሳብ አደረገችው። ምንም ሳያስቸግር ተከፈተ። ከውስጡ እንደራሰ ተጠቅልሎ የሻገተ ነጭ ነገር ጎተተች።

«ጋቢዬ!» አሉ አቶ ሽመክት።

«አንቺ ልጅ!» ማናለብሽ አፋቸውን ያዙ።

ሶስና ጋቢውን እንደታቀፈች አንገቷን ደፋች። «ትዕግስት መኪና በቆመ ቁጥር ከጥሊሊ የመጡ እየመሰላት ወደ በሩ ስትሮጥ አንድ አልጋ ነበር የምንተኛው፣ አባዬ። ሌሊት ስታለቅስ የምሰማት እኔ ነበርኩ።»

አቶ ሽመክት ሊቆጡ ተነሱ። ቁጣው ግን እምቢ አላቸው። ያንን ለቅሶ እሳቸውም ከግድግዳው ወዲህ ሆነው ሰምተውታል፤ ጉንፋን ነው ብለው ነበር የተኙት። ጋቢውን ተቀብለው ጠጋ ቢያደርጉት አንገሸገሻቸውና መልሰው ሰጧት።

«ይለቃል?»

«ሁለት ጊዜ ከታጠበ ይለቃል። ከዚያ በሩን ከፍቶ ማናፈስ ነው።»

«በይ እጠቢው» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «ለትዕግስት ሽማግሌ የመጣ ዕለት ግን አርጥበሽ መልሰሽ ክተቺው።»