ጫፉ ያልተጠቀለለው ፓስታ

አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ እኛ በምንኖርበት ሸለቆ፣ ምድር ቤቱ የዓመት ቀለብ ለሌለው ሰው ጎረቤት ያዝንለታል። ሥራ ይጠፋል፣ በረዶ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይታመማል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከልጅነታችን የምታስተምረን ይህንኑ ነው። እኔና ባለቤቴ ዌንደል፣ ነፍሱን ይማርና፣ አርባ አንድ ባልዲ ደርድረን ነበር። አሥራ ስድስቱ ፓስታ ነው።

ፓስታ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል፣ ልጆቼ። ብርማ ወፍራም ከረጢት ውስጥ ትጨምሩታላችሁ፣ አየር የምትመጥ ትንሽ ፓኬት ጣል ታደርጉበታላችሁ፣ አፉን በካውያ ትዘጉና ባልዲ ውስጥ ትከድኑታላችሁ። ሃያ ዓመት ይቆያል። ታዲያ አየሩ ሲመጠጥ ከረጢቱ ፓስታው ላይ ይጣበቅና የረጅሙ ፓስታ ጫፍ እንደ መርፌ ይወጋዋል። ቀዳዳዋ ለዓይን አትታይም፤ ለነቀዝ ግን ትበቃለች። ስለዚህ እኔ ሁለቱን ጫፍ በወፍራም ወረቀት ሳልጠቀልል አሽጌ አላውቅም። ልጄን ላሬይንም ገና በሰባት ዓመቷ አስተምሬያታለሁ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ላሬይ ወንድሟን ቴይንን ከጎረቤት ግዛት ከአይዳሆ አስጠርታ ይዛው መጣች።

«እማዬ፣» አለ ቴይን፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ፣ «ላሬይ ሰግታለች። ነገር እየተምታታብሽ ነው ትላለች።»

«ምኑ ነው የተምታታብኝ?»

«ቀለቡ ነቅዟል፣ እማዬ፣» አለች ላሬይ። «ነቅዞ እያለ ሳታውቂ ተቀምጠሽበታል። ነገ ደግሞ ምድጃውን ሳታጠፊ ትተኛለሽ።»

ቦርሳዋ አልተዘጋም ነበርና የአረጋውያን መኖሪያ ማመልከቻ ብቅ ብሎ አየሁት።

«ነቀዙን አሳዩኝ፣» አልኩ። «ካሳያችሁኝ ልብሴን እራሴ እሸክፋለሁ።»

ከልቤ ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አእምሮዬን የምጠረጥርባቸው ጠዋቶች አሉ።

ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ላሬይ ከፊት ያሉትን ባልዲዎች ዞር ብላም አላየቻቸው። ቀጥ ብላ ወደ ጥጉ ሄደች፤ ከኋለኛው ረድፍ አንዱን ለወንድሟ አመለከተችው። ጎትቶ አወጣና ክዳኑን በሁለት ጣቱ አነሳው። እንደ ድንጋይ መጠንከር የነበረበት ከረጢት ላልቷል። ሲቀደው ነቀዙ እጁ ላይ ወጣበት፤ ፓስታው ግማሹ ዱቄት ሆኗል።

«እነዚህስ ቅድመ አያቶቻችን ወደዚህ ሸለቆ በተሰደዱበት ጋሪ የመጡ ይመስላሉ፣» አለ እጁን እያራገፈ።

ማንም አልሳቀለትም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በቃ ቨርላ፣ አልኩ በልቤ፣ ያንቺም ተራ ደረሰ።

«እስቲ አቅርብልኝ።»

ከረጢቱን ገለጥኩት። ወረቀት የለም። ባልዲው ላይ የተለጠፈውን ቀን አነበብኩ፤ ከስድስት ዓመት በፊት ዳሌዬን በቀዶ ሕክምና የቀየሩልኝ ጊዜ ነው። ያን ዓመት አራት ወር ሙሉ ደረጃ አልወረድኩም። የዓመቱን ፓስታ ብቻዋን ያሸገችው ላሬይ ናት። ከላይ ሆኜ «ጠቅልለሽዋል?» ስላት፣ ከታች «አዎ እማዬ፣ ተረጋጊ» ብላኛለች።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ክዳኑን ነበር የምታየው። ያን ጊዜ ገባኝ። ስድስት ዓመት የተከደነ ባልዲ በመክፈቻ ታግለውት ነው እንጂ በሁለት ጣት አይነሳም። ቀድማ ወርዳ ከፍታዋለች። የራሷን ጥፋት አገኘችና፣ የእኔ አድርጋ ለወንድሟ አሳየችው።

«ላሬይ፣ ይህን ማን አሸገው?»

ክዳኑን አንስታ ባልዲው ላይ መለሰችው።

«ማን ነው?» አለ ቴይን፣ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ።

«እኔ ነኝ። እሺ፣ እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት በየቅዳሜው በበረዶ እየነዳሁ የምመጣውም እኔ ነኝ። አንተ ለገና ካርድ ትልካለህ። ደክሞኛል ብል ማን ይሰማኛል? ነቀዝ ግን ይታያል።»

ቴይን ኮፍያውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ።

«ለእኔ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«ደክሞኛል ብለሽ። በማግስቱ ወደ መኖሪያው እሄድልሽ ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ግን አእምሮዬን ልትወስጂብኝ መጣሽ።»

ማልቀስ ጀመረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነስቼ አቅፋታለሁ። ያን ቀን እጄ አልታዘዘኝም።

ላይ ወጥተን እጄን ዘረጋሁላት። «የቤቴን ቁልፍ ስጪኝ።»

ከመያዣው ለማውጣት ጥፍሯ እስኪሰበር ታገለች። ቴይን ሊያግዛት ሲል ገፋችው። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቅዳሜ ማን ይመጣልሻል?» አለች።

«እንጃ፣» አልኩ፤ እውነትም አላውቅም ነበር።