ከግንቡ የሚመለስ ድምፅ

ሰፈሩ ሁሉ ዳኛው ይለዋል። የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ዕድሜውን የጨረሰው ኳስ ሜዳ ላይ ፊሽካ ሲነፋ ነው። የሰጠውን ቅጣት ምት አንድም ቀን አልሻረም። ተጫዋች ቢያለቅስ፣ አሠልጣኝ ቢያብድ፣ ተመልካች ድንጋይ ቢያነሳ፣ ዳኛው ካለ አለ ነው። ጡረታ ሲወጣ ፊሽካውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ፍርዱን ግን ይዞት ቤት ገባ።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እትዬ ይላታል። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ በየሳምንቱ ወደ ሕክምና የሚያመላልሳት በአሮጌ መኪናው ነበር። መኪናዋ ቀለሟ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ካለ፣ እሱም አርጅቷል።

አንድ ቀን እትዬ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ፍሬን ስትይዝ የሚያፏጭ ነገር አለ አለችው። አልሰማሁም አላት። በሌላ ቀን ደገመችው፦ ቀጭን ነው፣ በእኔ በኩል ነው፣ እግርህን ስታነሳ ይጠፋል። ከዚህ የተሻለ ምስክር የትኛውም ጋራዥ አያገኝም። እሱ ግን ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ነገሩ ሲደጋገምበት ላጣራ ብሎ ብቻውን ወጣ፤ መስኮቱን ዘግቶ አውራ ጎዳናው ላይ ደጋግሞ ፍሬን ያዘ። ምንም የለም። ፈረደ። የራሱን ጆሮ የዓለም ዳርቻ ያደረገ ሰው እንዲህ ነው፤ እሱ ያልሰማው ነገር ገና አልተፈጠረም።

ፍርዱ በሁለቱ መካከል ቢቀር መልካም ነበር። የወንድማቸው ልጅ በተመረቀ ዕለት፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ ጉልበቷ ቢደክምም ጆሮዋ መካኒክ ሆኗል ብሎ ጀመረ። ምንም ድምፅ ሳይኖር እንዴት እንደምትሳቀቅ፣ የበሩን እጀታ እንዴት ጨምድዳ እንደምትይዝ ወንበር ላይ ተቀምጦ አስመሰለላቸው። «እትዬ ፍሬን» የሚለውን ስም ያወጣላት ያን ዕለት ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ከሰው እኩል ሳቀች። በቀጠሮዋ ቀን ደጇ ላይ ቆሞ ጡሩምባ ሲያሰማ ጎረቤቷ ብቅ ብላ፣ በአውቶቡስ ሄዳለች አለችው።

ይበርድላታል ብሎ ጠበቀ። አልተመለሰችም። አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ ማቆሚያው አያት፤ ምሰሶውን ተደግፋ የሚያማትን እግር ከመሬት ትንሽ አንስታ ቆማለች። እግሩ ወደ ፍሬኑ ሄዶ ነበር። ከዚያ ራሷ ትምጣ አለና ነድቶ አለፈ።

ወራት አልፈው መኪናዋ ራሷ ተናገረች። ብረት ከብረት ይፋጭ ጀመር፤ ይህንንማ እሱም ሰማው፤ ጫማው ሥር ሳይቀር ይንገጫገጭበታል። ወደ ጋራዥ ወሰዳት።

መካኒኩ የድሮ በረኛ ነው። አፉ ከእጁ ይፈጥናል፤ ዳኛው በአንድ ጨዋታ የሰጠበትን ፍጹም ቅጣት ምትም እስከ ዛሬ አልማረውም። መኪናዋን ሳይነካ በጥያቄ አጣደፈው። ዝናብ ካደረ በኋላ ብቻ ነው? የፍሬን ዲስክ ሲዝግ ይጮኻል፣ ጥቂት ፍሬን ሲያዝ ይተዋል። መሪው ይንቀጠቀጣል? ወደ አንድ ወገን ይስባል? ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ይንኳኳል? ከዚያ ቁልፉን ተቀብሎ ዳኛውን ከጎኑ አስቀመጠና ከጋራዡ አጠገብ ያለውን ረጅም የመጋዘን ግንብ ታኮ ነዳ። መስኮቶቹን ሁሉ አወረደ። ሜዳ ላይ ድምፅ ይበተናል፤ ግንብ ግን የሰጡትን ይመልሳል አለው። ፍሬን ያዘ።

«ሰማህ?»

«መፋጨቱን ሰማሁ።»

«እሱንማ ማን ያጣዋል። ፉጨቱን ነው የምልህ።»

«የምን ፉጨት?»

መካኒኩ፣ ዳኛው የሚቀልድበት መሰለው። ደግሞ ያዘ፤ ደግሞ ፊቱን አየው። ቀስ ብሎ መኪናዋን አቆመና ከሆዱ ሳቀ።

«ዳኛ ሆነህ ፊሽካ አይሰማህም? ዕድሜህን ሙሉ ጆሮህ ሥር ስትነፋበት ቀጭኑን ድምፅ ጨርሰኸዋል። እኔኮ ያኔም ብያለሁ፣ ይሄ ሰውዬ አይሰማም ብያለሁ።»

ጋራዥ ተመልሰው መኪናዋን በክሪክ አነሳና የፊት ጎማዎቹን ፈታ። በግራ በኩል ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ስስ ሆኗል፤ ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ቆርቆሮ ዲስኩን እየነካች ነው። በቀኝ በኩል ግን ሸራም ቆርቆሮም የለም፤ ዲስኩ እንደታረሰ መሬት ተቦርቡሯል።

«ይቺን ሆን ብለው ነው ያደረጓት» አለ መካኒኩ በጣቱ እየነካት። «ሸራው ሊያልቅ ሲል ትጮኻለች። በሽታ አይደለችም፣ ነጋሪ ናት። የቀኟ ጮኻ ጮኻ የሚሰማት ስታጣ ተበልታ አለቀች። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።» ቀና ብሎ አየው። «ለመሆኑ ከጎንህ የሚቀመጥ ሰው የለህም?»

ዳኛው የተቦረቦረውን ዲስክ በጣቱ ዳሰሰ። በእኔ በኩል ነው ብላው ነበር። የታየው አውቶቡስ ማቆሚያው ነው፤ ምሰሶውና ከመሬት የተነሳው እግር።

መካኒኩ ዲስኩን ለውጦ አዲስ ሸራ አስገባ። ሲሸኘው አንድ ነገር አስጠነቀቀው፦ አዲስ ሸራ እስኪላመድ ትንሽ ሊያፏጭ ይችላል፤ ካልተወ መልሰህ አምጣው። አንተ አታውቀውም፣ ጆሮ ያለው ሰው ይስማልህ።

በእትዬ የቀጠሮ ቀን ማልዶ ደጇ ቆመ። ይቅርታ የሚለውን ቃል መንገዱን ሙሉ ሲያላምጠው ነው የመጣው። እሷ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ከአፉ የወጣው ግን፣ መኪናዋ ተሠርታለች የሚል ነበር። እንኳን ተሠራች አለችና የኋላውን በር ከፈተች።

«ከፊት አይሻልሽም?»

«ጉልበቴን ልዘርጋበት።»

ሬዲዮውን አልነካውም። ከሰፈሩ ሲወጡ እንደምንም አወጣው። «ድምፁ ነበር፣ እትዬ። ልክ ነበርሽ። በሰው ፊትም አሳቅኩብሽ።»

«ይሁና፣ አለፈ እኮ» አለች። ድምፅዋ ላይ ቂም አልነበረም። ቂም ቢኖርበት በስንት ጣዕሙ።

መንገዱን አዙሮ ወደ መጋዘኑ ግንብ ገባ። መስኮቶቹን አወረደ፤ እስቲ ስሚልኝ ብሎ ፍሬን ያዘ። ግንቡ ሥር የተቀመጠ ጫማ ሰፊ ቀና ብሎ ፊቱን አጨማደደ።

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

እንደገና ነድቶ እንደገና ያዘ። ጫማ ሰፊው መስፊያውን አስቀምጦ ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነ። ዳኛው በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። እትዬ የበሩን እጀታ አልያዘችም፤ እጆቿን ቦርሳዋ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ። የሚያፏጭ ከሆነ መልሼ እወስደዋለሁ።»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ፊቷን ወደ ግንቡ እንዳዞረች። «ዳኛው አንተ።»

ሌላ አልጠየቃትም። እስከ ሕክምናው በር ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ፍሬን በያዘ ቁጥርም የእግረኞቹን ፊት አየ፣ ማን ዞረ፣ ማን ተኮሳተረ እያለ።