ከዩሊሳ ደም ላይ የተቀነሰው

ከደም ቁጥር ላይ ስንት እንደሚቀነስ የሚያዘው አዲሱ ሰንጠረዥ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ከታች ማኅተም። ጤና ኬላው ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ ሁለቴ አነበብኩት፤ ከዚያ ወንበሬ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ተራራ ላይ የሕፃናት ጣት ስወጋ ኖሬአለሁ። ጉልበቴ አልቋል፣ ትዕግሥቴም ከጉልበቴ አይሻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ከባሕር በላይ አራት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ደም ይወፍራል፤ ስለዚህ የደም መለኪያ መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር እንዳለ አንወስደውም። ሦስት ነጥብ ስድስት እንቀንስበታለን። የቀረው አሥራ አንድ ከሞላ ልጁ ደህና ነው። ካልሞላ ብረት አንሶታል ይባልና ሽሮፕ ይታዘዝለታል፣ ስሙም ግድግዳው ላይ በቀይ ይጻፋል። አዲሱ ወረቀት ግን ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ብቻ ቀንሱ ይላል።

መጀመሪያ የታወሰችኝ ሳቢና ናት፣ የዩሊሳ እናት። ባሏ ወርቅ ፍለጋ ወጥቶ የቀረባት ሴት ናት፤ ያለቻት ልጅ ዩሊሳ ብቻ። እንደ እሷ የታዘዘችውን የምትፈጽም እናት አላየሁም። ሽሮፑን በባዶ ሆድ ስጪ አልኳት፣ በባዶ ሆድ ሰጠች። ብረት አለው ስላልኳት የበግ ደም በሽንኩርት ጠበሰች፣ ጣፊያ ቀቀለች፤ ልጅቷ ስታስመልሰው እንደገና አጎረሰቻት። የዩሊሳ ጥርስ ከሽሮፑ ብዛት ጠቆረ። በየወሩ መሣሪያው አሥራ አራት ይላል፣ እኔ እቀንሳለሁ፣ አሥር ነጥብ አራት ይሆናል። ቀይ።

«ሲስተር፣ ያቺን ሦስት ምናምን ማን ነው የሚወስድብኝ?» ትለኝ ነበር።

«ተራራው።»

«ልጄ ተራራውን ምን አድርጋው ነው?»

በሰፈር ስብሰባ ላይ ቀዮቹ ስሞች ሲነበቡ ሴቶቹ ዞረው ያዩአት ነበር። አንዷማ «ደሟን አንቺ ትጠጪባታለሽ እንዴ?» ብላታለች። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ተዪአት አላልኩም።

ከሰባት ወር በፊት ነው ስህተቴ። ዝናብ ሲደበድበኝ ውሎ የዞርኩት ዘጠነኛው ቤት የሳቢና ነበር። ያንኑ ጥያቄዋን ደግማ ስትጠይቀኝ ታከተኝ። «እስቲ ተይኝ ሳቢና» አልኳት። «ኢሎ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ብትኖሩ ኖሮ ምንም አልቀንስባትም ነበር። አሥራ አራት ተብላ ትንደላቀቅልሽ ነበር።» ቀልዴን ነው፣ የደከመ ሰው ቀልድ። እሷ ግን አልሳቀችም።

በሳምንቱ ዩሊሳን ይዛ ወረደችና ኢሎ ላለችው እህቷ ለኤርሊንዳ ሰጥታት ተመለሰች። እዚያ አይቀንሱባትም ብላ። ወሬውን እንደሰማሁ ሮጬ ሄጄ ቆላ ስትወርድ ደሟም ይቀጥናል፣ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል ልላት ይገባኝ ነበር። አልሄድኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ቀዩ ዝርዝሬ በአንድ ስም በማጠሩ ደስ ብሎኛል። ለዚህ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ረቡዕ ጠዋት ወጣሁ። ሳቢና ውርጭ ያደረበትን ድንች ለማድረቅ ደጅ ዘርግታ በባዶ እግሯ እየረገጠች ውሃውን ታወጣለች።

«ዛሬ ማንን ልትወጊ ነው፣ ሲስተር? እዚህ ቤት ልጅ የለም» አለች ቀና ሳትል።

«ማንንም አልወጋ። ወሬ ይዤ መጥቻለሁ፤ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ነገርኳት። ወረቀቱን ማንበብ አትችልም፣ መቀነስ ግን በደንብ ትችላለች፤ እኔው ነኝ በየወሩ ያስተማርኳት። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«አሥራ አንድ ነጥብ አንድ» አለች።

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት ያለውስ ወር?»

መዝገቡን ከቦርሳዬ አውጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩላት። አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። አሥራ አራት። አሥራ አራት ነጥብ አንድ። እያንዳንዱን ቀነሰችው፤ ሁሉም አለፈ።

«ስለዚህ ልጄ አልታመመችም ነበር።»

«አልታመመችም።»

«አንድም ቀን?»

«በዚህ ወረቀት ከሄድን፣ አንድም ቀን።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር። እግሯን በቀሚሷ ጠርዝ አበሰችና ጫማዋን አደረገች። «ስልክ የሚይዘው ከበረቱ በላይ ነው» ብላ ቀድማኝ ዳገቱን ወጣች። እኔ ሦስት ቦታ ቆሜ ተንፍሼ ደረስኩባት።

ኢሎ ደወለች፤ ኤርሊንዳ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት። ሳቢና ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

«ዩሊ፣ የኔ ሆድ፣ ልመጣ ነው። ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

ልጅቷ «ሽሮፑም አለ?» አለች።

«የለም። ከእንግዲህ የለም።»

«ደምሽ መጥፎ ነው ብለሽ አይደል የሰጠሽኝ?»

ሳቢና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «አንቺ ንገሪያት። ለእኔ የነገርሽኝን ለእሷም አንቺው ንገሪያት።»

ሃያ ሁለት ዓመት እናቶችን ስመክርና ስቆጣ አንድም ቀን ቃል አጥሮኝ አያውቅም። አሁን ቃል እየፈለግሁ ስልኩን ተቀበልኳት።

«ዩሊሳ፣ እኔ ጣትሽን የምወጋሽ ሲስተር ነኝ። ደምሽ ጥሩ ነው። ድሮም ጥሩ ነበር። የተሳሳትነው እኛ ነን፣ እናትሽ ምንም አላጠፋችም።»

ስልኩ እዚያ ማዶ የሆነ ነገር ላይ ወደቀ፤ እየሮጠች ስትሄድ ድምፅዋ ከሩቅ መጣ።

«እማዬ፣ ያቺ ሴትዮ መጣች። ጣቴን እንዳትሰጫት።»

እማዬ ያለችው ኤርሊንዳን ነው። ሳቢናም ሰምታለች፤ ክንዴ ክንዷን እየነካ ነበር የቆምነው። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው።

«የነገው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ንጋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። አብሬሽ ልሂድ ሳቢና፤ እግሯ ላይ ወድቄም ቢሆን አስረዳታለሁ።»

«ቅሪ» አለችኝ። «አንቺን ካየች ከኤርሊንዳ ቀሚስ ሥር አትወጣም።» ስልኩን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ለእኔም መውጣቷን እንጃ።»