መርዶና ማርሚታ

ሥራነሽ ወንድሟን ደምለውን ካኮረፈችው ስድስት ክረምት አልፏል። ኩርፊያ እንኳ አይባልም፤ ኩርፊያ ያልፋል፤ ይሄ ቂም ነው። ነፍስ አባቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ቢመክሯት፣ «አባቴ፣ እኔ ሳሉን ይዤው እኖራለሁ» ብላ መለሰችላቸው። ሥራነሽ እንዲህ ናት፤ አንዴ እንቢ ካለች አሥር ጥማድ በሬ አያነቃንቃትም።

ነገሩ የሆነው አምበር ላይ፣ እናታቸው ወለተ ኪዳን የተቀበሩ ዕለት ነው። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደርሶ፣ አልቃሿ ግጥሟን ልታወርድ አፏን ስትከፍት፣ ከመንገዱ በኩል ሰማይ የተቀደደ የሚመስል ጩኸት መጣ። በቅሎዎች ገመድ በጠሱ። ቃሬዛ የያዙት ሰዎች ተንገዳገዱ። አንዲት ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊልስ የደረሰ ቀይ አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና ከለቀስተኛው ፊት ገጭ ብላ ቆመች። ከውስጧ ደምለው ወረደ። እየሳቀ! በእጁ የብርቱካን ከረጢት አንጠልጥሏል። ከኋላ የነበሩ ጎረምሶች ቀድመው በሳቅ ፈነዱ፤ ሳቁ ወደ ሴቶቹም ተሻገረ። የእናቷ ቀብር በሳቅ ታጀበ።

ደምለው በዚያ ዕለት አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣውም። እንደ ግንድ ቆሞ አፈሩ ሲመለስ አየና ሄደ። «ጠጥቶ ነው የመጣው» አለ ሰው። ሥራነሽ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት።

ይኸው አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከአዲስ አበባ እሷ ወደምትኖርበት ወደ ደብረ ማርቆስ አዛወረው። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ፣ አንድ ገበያ እየወጡ፣ በአንድ መንገድ ሲገናኙ አንዳቸው አጥር ጥግ ይይዛል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ሥራነሽ ከጠጅ ቤቷ ጓሮ ጌሾ ስትወቅጥ፣ ከአጥሩ ማዶ ከበሽር ጋራዥ ያ ጩኸት አጓራ። ዘነዘናዋን ጥላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ቆማለች። መካኒኩ በሽር ከሥሯ ተንፏቆ ወጣ።

«እትዬ ሥራነሽ፣ ደኅና አደሩ?»

«ምን ደኅና ታሳድሩናላችሁ! ጠጄ እንኳ ጋኑ ውስጥ ደነገጠ።»

ደምለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ተያዩና ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

«በሽር፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው» አለች ሥራነሽ፣ «ይችን ጅብ ከጎረቤቴ ያንሣልኝ።»

«ንገራት» አለ ደምለው ወደ ግድግዳው፣ «ዝም ላሰኛት ነው ያመጣኋት።»

በሽር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ። «እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ፤ የነፍስ አባታችሁ አይደለሁም። አንድ ግቢ ቆማችሁ መልእክተኛ ታደርጉኛላችሁ?» ከዚያ ከመሬት ሁለት የቆርቆሮ በርሜል የሚመስሉ ነገሮች አነሣ። «ማርሚታ ነው፣ እትዬ። ከጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ የሞተሩን ጩኸት የሚውጠው። ይሄ ትልቁ ከአውቶቡስ የተፈታ ነው፤ ብንገጥመው ድመት ያደርጋታል። ግን ሞተሩን ያፍነዋል፤ ዳገት ላይ ታቃስታለች። ይሄን ደግሞ እኔው ከላሜራ በየድኩት። መሐሉ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቱቦ ነው፤ ዙሪያውን ደቃቅ የብረት ክር ጠቅጥቄበታለሁ። ወፍራም ድምፅ ይሰጣታል እንጂ አያስጮኻትም። ጋሼ ደምለው መምረጥ አቃታቸው።»

«ምርጫው ምን ይከብዳል? ዝም የምታሰኘዋን ነዋ! ደግሞስ የፊተኛዋን ምን በላት?»

«እኔ ነኝ የፈታኋት» አለ በሽር። «ጋሼ ናቸው ፍታልኝ ያሉኝ፤ ያን ጊዜ አምበር ሲመላለሱ፣ እዚሁ ጎራ ብለው።»

ሥራነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ለምን ብሎ?»

ደምለው ጫማውን አየ። «ንገራት፣ እምዬ ጆሮዋ ደክሞ ነበር። ከበሯ ቆሜ ስጠራት አትሰማም፤ ስነካት ትደነግጣለች። ማርሚታው ከወለቀ ወዲህ ግን ገና ከወንዙ ማዶ ስደርስ ትሰማኛለች። ‹ልጄ መጣ› ብላ ደጅ ወጥታ ነበር የምትጠብቀኝ።»

«ታዲያ ለሬሳዋም አጮህክላት?»

በሽርን መሐል ማስገባቱን ረሳችው። ደምለው ከጎማው ተነሣ።

«ሬሳ መሆኗን ማን ነገረኝ? ‹ትንሽ አሟታል፣ ናፍቀሃታል› ብለሽ በቴሌፎን ያስነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«መርዶ በቴሌፎን ይነገራል እንዴ! መሪ የያዘ ሰው እናትህ ሞተች ተብሎ ገደል ይግባ? ያጎታችንን ልጅ ጥሩሰውን ሉማሜ መንገድ ዳር አቁሜልህ የለም ወይ? አስቁሞህ፣ ከዘመድ ቤት አስገብቶ፣ እንደ ወጉ እንዲያረዳህ!»

«ጥሩሰው?» አለ ደምለው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሉማሜ ላይ አንድ ሰው ጋቢ እያውለበለበ ሲሮጥ አይቻለሁ። ሰላምታ መስሎኝ ክላክስ ነፍቼለት አለፍኩ። ምን እንደሚል አልሰማሁም፤ ይቺ ስትጮህ የራሴንም ድምፅ አልሰማ። ቀኑ ሃያ አንድ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ… የማርያም በዓል መሰለኝ። እምዬ ከመሐል ሆና የሰማችኝ መስሎኝ ነው እየሳቅሁ የወረድኩት።»

ሥራነሽ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ጥሩሰው ለካ ሳያስቆመው ቀርቶ፣ አፍሮ ነገሩን ውጦት ኖሯል። አሁንም ቢሆን በቴሌፎን አልነግረውም ነበር፤ በዚህ አልተጸጸተችም። ግን አሰበች። ሰው ተቀምጦ፣ ዘመድ ከቦት፣ «አርፋለች» ሲሉት ነው ሆዱ የሚከፈት። ይሄ ልጅ ማንም ሳያረዳው ሬሳ ላይ ደረሰ። ከየት አምጥቶ ያልቅስ? እስከ ዛሬስ ማን አረዳው?

ብድግ አለች። «በሽር፣ ያችን የበየድካትን ግጠማት።»

«ዝም የምታሰኘዋን አላሉም?»

«ድመት ምን ያደርግልኛል? ሲመጣ ሳልሰማው ሊያልፍ ነው? ግን እኔ እፈትናታለሁ። እታች ባሕር ዛፉ ጋ እቆማለሁ፤ እየጋለበ ይምጣ። በአፌ ስጠራው ካልሰማኝ ተመልሳ ትወልቃለች።»

በሽር ገጠማት። ሥራነሽ ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ወርዳ ቆመች። መኪናዋ ከላይ ስትመጣ ሰማቻት፤ ሰማይ መቅደዱ ቀርቶ ከደረት የሚወጣ፣ ቀዳሽ ዜማ ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ያለ ድምፅ። እፊቷ ስትደርስ ሥራነሽ ባላት ጉልበት ተጣራች፦

«ደምለው!»

መኪናዋ አለፈች። ትንሽ ሄዳ ፍሬን ያዘች፤ ወደ ኋላ ተመለሰች።

«ጠራሽኝ?»

«ጠራሁህ። ሞተሩን አጥፋው።»

አጠፋው። ሥራነሽ በሩን ከፍታ ገባች፤ ወንበሩ ዝቅ ያለ ነውና ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ተቀመጠች። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧን አሰረች፤ እጇን ከትከሻው አኖረች።

«ደምለው፣ ወንድሜ» አለች፣ «በርታ። እምዬ አርፋለች።»

ደምለው ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ኋላ ግን ከሆዱ ወጣ፤ እሷም ደረቷን እየመታች ተከተለችው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ዳር ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ነፍስ ይማር፤ ማን ነው የሞተባችሁ?»

«እናታችን ናት» አለች ሥራነሽ።

«አዬ! መቼ ዐረፉ?»

«ቆይታለች አባቴ» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፤ «እሱ የተረዳው ግን አሁን ነው።»