የትዝታ የክርስትና ስም

የኔነሽ ያን ዕለት ወደ አርብ ገበያ የወጣችው ገብስ ልትሸጥ ነው። ሸጣ፣ ጨውና ሳሙና ገዝታ፣ እንደ ሁልጊዜው ልጇን ትዝታን ከትምህርት ቤት ይዛ ልትመለስ አስባ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ዘንድ ደረሰች። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። ትዝታ ግን የለችም።

መምህር ሙሉዓለም ሲያያት ፊቱ በራ። «እሰይ፣ ተሻለዎት እንዴ?» አላት።

«ምን ሆኜ?»

መምህሩ አመድ መሰለ። በእረፍት ሰዓት አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር። የእናቷ አጎት ነኝ፣ እናቷ ገበያ መሐል ወድቃ ጤና ጣቢያ ገብታለች፣ ልጄን አምጡልኝ እያለች ነው፣ አለ።

«ዝም ብዬ አልለቀቅኳትም፤ ቃሉን ጠይቂው አልኳት» አለ መምህሩ። «ጠየቀችው። ወለተ ኪዳን አላት። ልክ ነው መምህር ብላኝ እጁን ይዛ ሄደች።»

ይህን የቃል ነገር ያመጣው ራሱ መምህሩ ነበር። ዘመኑ ሰው እንደ በግ ከደጁ የሚታገትበት ሆነና፣ መስከረም ላይ ወላጆችን ሰብስቦ፣ «ከልጃችሁ ጋር የምስጢር ቃል ይኑራችሁ፤ እናትሽ ልካኝ ነው የሚል ሲመጣ ልጁ ቃሉን ይጠይቅ፤ ሰውዬው ካላወቀ ይጩህ» ብሎ መከራቸው። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ የበሬውን ስም ለልጁ ሰጠ። የበሬ ስም እንኳ ጎረቤት ሁሉ በእርሻ ሰዓት ሲጣራ የሚሰማው ነው! የኔነሽ ግን ብልህ ነበረች፤ የልጇን የክርስትና ስም መረጠች። በዚያ አገር የክርስትና ስም በየሜዳው አይጠራም። መተተኛ ይሰማዋል ተብሎ ይፈራል፤ ከእናት ካባት፣ ከክርስትና እናትና ከቄሱ አያልፍም። ከዚህ የበለጠ ምን ምስጢር አለ?

ባሏ ይርዳው በግ ሊሸጥ ከቆመበት እየሮጠ መጣ፤ ገበያተኛውም ተከተለው። ወሬውን ሲሰማ አልጮኸም። በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

«ስሙን እኔ አውቃለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ። የክርስትና እናቷ ሞታለች፣ ነፍሷን ይማርና። ሌላ ማን ቀረ?»

ሌላ የቀረው ቄስ ስማቸው ነው፤ የቤቱ የንስሐ አባት፣ ትዝታን ያጠመቁት ሽማግሌ። እሳቸውም ጩኸቱን ሰምተው ከገበያው ወዲህ ሲመጡ ይርዳው መንገዳቸውን ዘጋ።

«አባ፣ ለማን ነው የነገሩብኝ?»

«ምኑን ልጄ?»

«የልጄን ስም! ለማን አሳልፈው ሰጡብኝ?»

«ካጠመቅኋት ወዲህ ከሥጋ ወደሙ ፊት በቀር ጠርቼው አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል።»

የኔነሽም ታውቃለች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በዚሁ በአርብ ገበያ፣ ከእህል ተራው ጥግ ቢጫ የለበሰ፣ መቁጠሪያ የታጠቀ ሰው ተቀምጦ ነበር። ባሕታዊ ነኝ ይላል። ትዝታ ከክረምት ጀምሮ በእንቅልፏ ትባንንባት ነበርና ጠጋ ብላ ነገረችው። «በዓለም ስም ጸሎት አይደርስም፣ እናቴ፤ የክርስትና ስሟን ስጪኝ» አለና በደብተሩ ጻፈ። የት ትማራለች ብሎም ጠየቀ። እሷም ነገረችው፤ ስሙ ከልጇ ጋር የተማማሉበት የምስጢር ቃል መሆኑንም አልሸሸገችውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ይርዳው አስቀድሞ፣ «ቢጫ የለበሰ ሁሉ መናኝ አይደለም፤ ከዚያ ሰውዬ ዘንድ እንዳላይሽ» ብሏት ስለነበር ለባሏ አልነገረችውም።

አሁን ትናገር? አፏን ከፈተች፤ የባሏን ዓይን አየችና መልሳ ዘጋችው። ምናልባት እሱ ላይሆን ይችላል አለች በልቧ። የእግዚአብሔር ሰው ነኝ ያለ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም አለች። ሰው ራሱን ሲዋሽ ምክንያት መቼ ያጣል! መሬት ላይ ቁጭ ስትል ሁለት ሴቶች ደግፈው አነሷት። የልጇ ሀዘን ብቻ የጣላት መሰላቸው።

ሕዝቡ እንደሆነ አንዴ መንገድ ከያዘ አይመለስም። አንዱ፣ «የቄሱ ወንድም ቆላ ነው የሚኖረው፤ እዚያ ወስደዋት ይሆናል» አለ። ከማን ሰምቶ እንደሆነ እንጃ። ጎልማሶቹ ዱላቸውን ይዘው ቁልቁል ወደ ቆላው ወረዱ። ሁለት ሚሊሻዎች ቄሱን ግራና ቀኝ ያዟቸው። ይርዳው ቄሱን «ይናዘዙ!» ይላቸዋል፤ ሲያናዝዙት የኖሩትን ሰው። ፀሐይዋ መሐል አናት ላይ ደረሰች።

ሲጎትቷቸው ጥምጣማቸው ወደቀ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሊያነሡት ሲሉ አልለቀቋቸውም። የኔነሽ ሽበታቸው ተገልጦ አይታ አታውቅም ነበር፤ አፈረች።

«እኔን እሰሩኝ» አሉ ቄስ ስማቸው። «ብቻ ቆላውን ትታችሁ መኪና መንገዱን ያዙ። ልጅቱ ትገኝ እንጂ ለኔስ ግድ የለም።»

«ተዋቸው!» ብላ ጮኸች የኔነሽ። «ተዋቸው፣ ይርዳው! እኔ ነኝ። ስሙን እኔ ነኝ የሰጠሁት። ለዚያ ለቢጫ ለባሽ።»

ይርዳው እጁን አነሣ፤ ግን አልመታትም። እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ሰውዬውን ብዙ ሰው ያውቀው ነበር። አንዲት ጨው ሻጭ፣ ዛሬ ቢጫውን አውልቆ ጃኬት ለብሶ፣ ከአንዲት ሕፃን ጋር ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ ሚኒባስ ሲሳፈር አየሁት አለች። ቀድሞ የጠየቃት አልነበረም።

መምህር ሙሉዓለም ስልኩን አወጣ። ነፋስ መውጫ መግቢያ ላይ ሙሉቀን የሚባል ጎሚስታ ወዳጅ አለው፤ ከዚህ የሚሄድ መኪና ሁሉ በደጁ ያልፋል። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ገባ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ?» አለ ሙሉቀን። «አዎ፣ እኔ ዘንድ ነበሩ እኮ። ሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶበት እኔ ነኝ የሠራሁለት። ልጅቱ ውኃ ጠየቀችኝ፤ አጠጣኋት። እናቴ የተኛችበት ጤና ጣቢያ ገና ነው ወይ አለችኝ። አባቷ መስሎኝ... አይዞሽ ደርሰሻል አልኳት።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ሄዱ። ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፉ ወደ ጋሸና አላየሁም። ምነው ትንሽ ቀደም ብለህ ብትደውል፣ ጎማውን ሳልሠራ ይዤ አስቀራቸው ነበር።»

«ከሄዱ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።»

ይርዳው ወደ ሚስቱ ዞረ። ከሃያ ደቂቃ በፊት የት እንደነበረች መጠየቅ አላስፈለገውም። አጠገቡ ቆማ፣ የቢጫ ለባሹን ነገር እያወቀች፣ እሱ ቄሱን ሲያንገላታ ትመለከት ነበር።