ገደል ላይ የማይጠራ ስም

የኔነሽ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ስትዳር እናቷ የመከረቻት እንደዚያ ነው፤ ጨዋ ሚስት ባሏን «አንቱ» ትላለች እንጂ እንደ ጎረቤት ልጅ ስሙን አትጠራም። ስለዚህ ባሏ ሞላ ከሥራ ገብቶ ያወራላትን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ጣሊያን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ ሲያሠራ፣ ሞላ በገመድ ገደል ላይ እየተንጠለጠለ ሊወድቅ ያዘነበለ ድንጋይ በዲጂኖ ያወርድ ነበር። ገመዱን ከላይ ሆነው የሚይዙት ጓደኞቹ እነ ዘይኑልአቢዲን ናቸው። አዲሱ ጣሊያናዊ የሥራ አለቃ፣ ካቦው፣ ታዲያ በኔ ቋንቋ ካልታዘዛችሁ አለ። «ቲራ» ሲባል መሳብ ነው፣ «ሞላ» ሲባል መልቀቅ። የዘገየ አለንጋ ይቀምሳል።

«እንግዲህ ስሜን የጠራ ገደል ሰደደኝ ማለት ነው» አላት። ጓደኞቹ ሥራ ላይ «ረጅሙ» ሊሉት ተስማምተዋል።

«እኔስ ድሮም ስምዎን መች እጠራለሁ» አለችው።

ሞላ ቢስቅም ልቡ አላረፈም። በማግስቱ ሁለተኛ ገመድ ወገቡ ላይ አሰረና ጫፉን ገደሉ አናት ላይ ፈንጠር ብሎ ከበቀለ ወይራ ግንድ ጋር ቋጠረው፤ ደጋግሞም በክብደቱ ሞከረው። ካቦው ገመድ አባካኝ ብሎ ሰደበው፤ ጓደኞቹም ነፍሱን በሁለት ቦታ አሰራት እያሉ ቀለዱበት። እሱ ምን ገዶት።

የዚያኑ ዕለት የኔነሽ ምሳውን ይዛ ከገደሉ ግርጌ ደረሰች። ቀና ብትል ባሏ ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል፤ ከራሱ በላይ በሬ የሚያህል ድንጋይ ከአፈሩ ተላቆ ሊንከባለል ነው። እሱ አላየውም። «አንቱ» ልትል ነበር፤ ግን መንገዱ ሁሉ ወንድ ነው፣ የትኛው አንቱ ቀና ይላል?

«ሞላ!»

ከላይ ያሉት ወደ ታች አይታያቸውም። ጆሯቸው ቃሉን ሰማ፣ እጃቸው ሳያስብ ታዘዘ። ገመዱ ከእጃቸው ሲያመልጥ ሞላ ቁልቁል ወረደ፤ ወዲያው የወይራው ገመድ ያዘውና ወደ ጎን ወረወረው። ድንጋዩ እሱ በነበረበት አልፎ መንገዱ ላይ ተከሰከሰ።

ሞላ አንገቱን ደፍቶ ተንጠለጠለ። አይንቀሳቀስም። የኔነሽ ክው ብላ ቀረች። በገዛ አፌ ገደልኩት አለች በልቧ።

ዘይኑልአቢዲን በደረቱ ተኝቶ ከላይ አንገቱን አሰገገ። 

«እቴ የኔነሽ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከዚህ ፊቱ አይታየኝም። በስሙ ጥሪው፣ ያንቺን ድምፅ ይሰማል። አሁን የያዘው ወይራው ነው፤ ወይራ ቋንቋ አይሰማም፣ አትፍሪ።»

እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። አፏ ግን ያንን ስም እምቢ አለ። ነጠላዋን ነክሳ ቆየችና፣

«አንቱ» አለች።

 መንገዱ ላይ ያለው ወንድ ሁሉ ሥራውን ትቶ ወደ ገደሉ አንጋጧል።

«አንቱ፣ እኔ ነኝ።»

ከተንጠለጠለበት የባሏ የደከመ ድምፅ መጣ። «ወይ።»

መሬት ላይ ቁጭ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። እነ ዘይኑልአቢዲን ካቦው እያያቸው በአማርኛ «ሳብ! ሳብ!» እየተባባሉ አወጡት። የኔነሽ ባሏ እግሩ መሬት እስኪረግጥ ድረስ እጇን ከአፏ ላይ አላነሣችም።