አቧራ የሌለባቸው ሁለት አንባቢዎች

እኔን ሰው የሚያስታውሰኝ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ደህና ሲሠራማ ማን ዞር ብሎ ያየኛል። የዚያን ቀንም ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ የድምፅና የንግግር ሕክምና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ደወለና፣ "የካሴት ማሽናችን ሞቷል መሰለኝ፣ ነይና ቀብሩን ፈጽሚልን" አለኝ። ቀልዱ አልጣመኝም። ዕቃ ሞተ ሲሉኝ በምን እንደሞተ ሳላውቅ የምቀብር ሰው አይደለሁም። ይኼ ጠባዬ ባሌን አሰልችቶታል፤ ለእኔ ግን እንጀራዬ ነው።

ማሽኑ የሕሙማኑን ድምፅና ምስል ለክፉ ቀን ካሴት ላይ እየገለበጠ የሚያስቀምጥ ነው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ፊቱ መስተዋት ነው። ውስጡን ብታዩት ግራና ቀኝ ሁለት መቶ ካሴት የሚይዙ ቀዳዳዎች፣ መሀል ላይ በሐዲድ የሚመላለስ አንድ የብረት ክንድ፣ ከኋላ ደግሞ እንደ መሳቢያ የተደራረቡ አራት አንባቢዎች አሉ። ኮምፒውተሩ "ይኼን ካሴት ወደ ሁለተኛው አንባቢ" ብሎ ሲያዝ ክንዱ ሄዶ ባርኮዱን ያያል፣ ካሴቱን ይመዝዛል፣ አንባቢው አፍ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ አንባቢው የተባለውን ያነባል ወይም ይጽፋል። ስንት ዓመት አይቼው፣ አሁንም ክንዱ ሲንቀሳቀስ ካየሁ ሥራዬን ትቼ እቆማለሁ።

ከክፍሉ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ አንድ ትልቅ ሣጥን አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። ሣጥኑ ውስጥ አርባ ሦስት ካሴቶች አሉ።

"እነዚህ አርጅተዋል" አለኝ። "ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ማንበብ ሲያቅተው 'የተበላሸ' ብሎ ይመዘግባል። የተበላሸ የሕሙማን ካሴት እዚህ ማስቀመጥ አይፈቀድም፣ ይፈጫል። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። አንቺ አዲስ ካሴት አስገቢና ማሽኑን አስነሺልን።"

ይኼን ብሎ ወጣ። እኔና እትዬ ቀረን።

እትዬ የካሴት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ሠራተኛው በሌሉበት "እትዬ አቧራ" ይላቸዋል፤ ቢጫ መጥረጊያ ጨርቅ ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅማ። እሳቸው የሚሠሩበት ክፍል ወለሉ ላይ ምሳ ቢበላ የሚጸየፍ የለም። የዚያን ቀን ግን ጨርቁን ጨብጠው ዝም ብለው ቆመዋል፤ ምንም አይጠርጉም።

"ልጄ" አሉኝ፣ "መቶ አሥራ ሰባት እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው።"

"መቶ አሥራ ሰባት ምንድን ነው?"

"ባለቤቴ ነው።"

ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ባለቤታቸው መናኸሪያ ውስጥ የመኪኖችን መድረሻ እየጮሁ የሚጣሩ ሰው ነበሩ። "ማይክ" ነበር የሚሏቸው፣ ማይክ ስለማያስፈልጋቸው። ከስምንት ዓመት በፊት ጉሮሯቸውን ታመው የድምፅ ሳጥናቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚያወሩት በደብተር ላይ እየጻፉ ነው። ታዲያ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ቀን፣ እዚሁ ማዕከል ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ እያነበቡ ድምፃቸው ተቀርጾ ነበር። አሁን የንግግር ባለሙያዋ፣ ያ ቅጂ ከተገኘ ስልካቸው የሚጽፉትን በራሳቸው ድምፅ እንዲናገር አደርጋለሁ ብላለች። ቅጂው ያለው መቶ አሥራ ሰባት ላይ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት እትዬ ካሴቱን ከማሽኑ ጠየቁ፤ ማሽኑ ሦስት ጊዜ ሞከረና የተበላሸ ነው አለ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "ድምፃቸው በጣም ናፈቀዎት?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ይኼ ይጠየቃል?

"ድምፁስ ይቅር" አሉኝ። "ከሌላ ክፍል የሚጠራኝ አጣሁ። ሲፈልገኝ ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ ትከሻዬን ይነካኛል፤ ስንት ጊዜ ክው አድርጎኛል መሰለሽ። ድሮ 'የት ገባሽ አንቺ?' ብሎ ቤቱን ያናውጠው ነበር። እኔም እየሰማሁ ዝም እለዋለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ነው 'አቤት' የምለው። ነገረኛ ነበርኩ።"

አንጀቴን በሉት። ግን እኔ ሲከፋኝ እጄ ሥራ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጃኬቴን አውልቄ ጀመርኩ።

መቶ አሥራ ሰባትን አልነካሁትም። ምን እንዳለበት ሳላውቅ እሱን መሞከሪያ ላደርገው? ከሣጥኑ ሌላ አንዱን የተበላሸ አንስቼ ቀዳዳው ውስጥ መለስኩና ወደ አንደኛው አንባቢ ላክሁት። ክንዱ ወስዶ ከተተው። ሻይ በሚፈላበት ጊዜ ውስጥ ካሴቱ ከዳር እስከ ዳር ተነበበ። አንዲት እንከን የለችበትም። ሞቷል የተባለው ካሴት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። ያንኑ ካሴት አስወጥቼ ወደ ሁለተኛው አንባቢ ላክሁት። ክንዱ በሥርዓቱ ከተተው። ኮምፒውተሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንባቢው ባዶ ነው።" በመስተዋቱ አጎንብሼ አየሁ፤ ካሴቱ አንባቢው አፍ ውስጥ ተቀምጧል። እያየሁት ባዶ ነው ይለኛል። እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ሳገኝ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ሦስተኛው ላይም እንደዚያው ባዶ ነው አለኝ። አራተኛው ላይ ደግሞ ልክ እንደ አንደኛው ለስለስ ብሎ አነበበው።

"እትዬ፣ የታመመው ካሴቱ አይደለም" አልኳቸው። "አንደኛውና አራተኛው ደህና ናቸው። መሀል ያሉት ሁለቱ ናቸው ነገር ያለባቸው። ዕድሉ ወደ መሀል የጣለው ካሴት ሁሉ ሦስቴ ባዶ ተባለና ሣጥን ውስጥ ገባ።"

"እንዴት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይበላሻሉ?"

ጥያቄያቸው የእኔም ጥያቄ ነበር። ሁለት ዕቃ በአንድ ቀን ተመካክሮ አይበላሽም። መዝገቡን ከፍቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከአሥራ አንድ ሳምንት በፊት አንድም የተበላሸ ካሴት የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየሳምንቱ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

"ከአሥራ አንድ ሳምንት በፊት ምን ተደረገ? ባለሙያ መጥቶ ነበር?"

"ኧረ ማንም አልመጣም" አሉኝ። "ከአንቺ በፊት የነበረው ልጅ እንኳ ከሄደ ዓመት አለፈው።"

ያ ልጅ ችኩል ነበር፤ ሥራውን ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ። ባትሪዬን ይዤ ማሽኑ ጀርባ ገባሁ። አራቱ አንባቢዎች ከታች ወደ ላይ ተደርድረዋል። የታችኛው ጀርባ አቧራ ለብሷል፣ በጣቴ ብጽፍበት ይነበባል። የላይኛውም እንደዚያው። መሀል ያሉት ሁለቱ ግን ጥርት ብለው ያበራሉ።

እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ነገሩ ገብቶኛል፤ እንዳይገባኝ ግን ፈለግሁ።

እያንዳንዱ አንባቢ ጀርባው ላይ የራሱ መለያ ቁጥር ተለጥፎበታል። ኮምፒውተሩ አንባቢን የሚያውቀው በዚህ ቁጥር ነው፤ የትም ይቀመጥ የት፣ ቁጥሩን ካየ እሱ ነው ይላል። ክንዱ ግን ቁጥር አያውቅም፣ የሚያውቀው ቦታ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲተከል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ "በሁለተኛው ቦታ ያለው ይኼኛው ቁጥር ነው፣ በሦስተኛው ያኛው" ብሎ ሁለቱን ያስማማቸዋል። እነዚህ ሁለቱ አሁን ቦታ ተለዋውጠዋል። ክንዱ ካሴቱን እንደ እንግዳ ሁለተኛ ፎቅ ያደርሰዋል፣ ኮምፒውተሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር እያንኳኳ ማንም የለም ይላል። በቃ፣ ይኼው ነው።

ከማሽኑ ጀርባ ስወጣ እትዬ ጣቴ ላይ ያለውን አቧራ አዩት። ከዚያ ባትሪዬን ተቀብለውኝ ራሳቸው ገብተው አዩ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"እትዬ፣ ቆይ..."

"እኔ ነኝ። ያ ልጅ ሲሠራ አይቼዋለሁ፣ ይቺን ምላስ ጫን ሲላት እንደ መሳቢያ ይወጣል። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ክፍሉን ሳጸዳ አወጣኋቸው። የላይኛው ላይ እጄ አልደረሰም፣ ለታችኛው ደግሞ ወገቤ አልጎነበስ አለኝ። እነዚህን ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጠርጌ መለስኳቸው። መልካቸው አንድ ነው፣ ምን አውቄ።" ቢጫውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ሲያስቀምጡት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። "ስምንት ዓመት ይኼን ካሴት የጠበቅኩት እኔ፣ በገዛ እጄ ለወፍጮ ሰጠሁት።"

ማጽናናት አላውቅበትም። ያወቅሁትን ነገርኳቸው፦ ካሴቱን አንዳች እንዳልነካው፣ በር ላይ ደርሶ ሳይከፈትለት እንደተመለሰ፣ የሚስተካከለውም ሁለት መስመር በመጻፍ እንደሆነ። የሰሙኝ አይመስለኝም።

ሁለቱን መስመር ልጽፍ ስቀመጥ በሩ ተከፈተ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ መኪናው ቀድሞ መጥቷል። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ ገባና ሣጥኑን ጠቆማቸው።

ሌላ ነገር ቢመጣልኝ ጥሩ ነበር። የመጣልኝ ግን ሄዶ ሣጥኑ ላይ መቀመጥ ነው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

"ተቀምጫለሁ። ካሴቶቹ ደህና ናቸው። መውሰድ ካለባችሁ እኔንም ጨምራችሁ ነው፤ ክብደቴ ቀላል እንዳይመስላችሁ።"

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። "ማስረጃ አለሽ?"

"ሩብ ሰዓት ስጠኝ።"

ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጥኩ ሁለቱን ቁጥሮች አለዋወጥኳቸው። ማሽኑ ሁሉን እንደ አዲስ እንዲቆጥር አዘዝኩት፤ ክንዱ እያንዳንዱን ቀዳዳ እያየ ከጥግ እስከ ጥግ ዞረ። ከዚያ ቂጤን ትንሽ አነሳ አድርጌ ከሥሬ መቶ አሥራ ሰባትን አወጣሁ። ሌላ መሞከር እችል ነበር። ግን የእትዬን ፊት አይቼ፣ ከዚህ በላይ አላስጠብቃቸውም አልኩ። የላክሁትም ወደ ሁለተኛው አንባቢ ነው።

ክንዱ ወሰደው። ከተተው። ኮምፒውተሩ፣ "በማንበብ ላይ" አለ።

ቅጂውን ስከፍተው ወፍራም የወንድ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። "ውሃው ቀዝቃዛ ነው። በሩ ክፍት ነው። ልጁ ወንበሩን ገዛ።" ትንሽ ዝም አለና፣ "ይኼን የጻፈው ሰው ከሰው ጋር አውርቶ ያውቃል? 'ልጁ ወንበሩን ገዛ' ብሎ የሚያወራ ማን ነው? እሺ፣ እሺ፣ እቀጥላለሁ" አለ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳቀ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተቱና ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ በዚያ ንጹሕ ወለል ላይ።

ሥራ አስኪያጁ ቆይቶ፣ "ምን ነበር ችግሩ?" አለኝ።

"ሁለት አንባቢዎች ቦታ ተለዋውጠው ነው።"

"ማን ለዋወጣቸው?"

እኔ የምለውን ሳስብ እትዬ ከወለሉ ላይ፣ "እኔ ነኝ፣ ስጠርግ" አሉት።

ማሽኑን አየ፣ ቢጫውን ጨርቅ አየ። "የቀሩት ሁለቱስ ለምን አልተጠረጉም?" አለና ተሸካሚዎቹን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያን ሰው እወደዋለሁ።

ከአንድ ወር በኋላ እትዬ ቤታቸው ጠሩኝ። ማይክ አጭር ሰው ናቸው፤ ከዚያ ድምፅ በኋላ ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ጠረጴዛው ላይ ስልክና ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለ። በአንድ ጣታቸው ቀስ ብለው ጻፉና ያ ወፍራም ድምፅ፣ "ሣጥኑ ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ። ነኝ አልኳቸው። "ሣጥኑስ እንዴት ሆነ?" አሉኝ። ሳቅኩ፣ እሳቸውም ያለ ድምፅ ሳቁ።

ትንሽ ቆይተው ስልኩንና ማጉያውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

"የት ገባሽ አንቺ?"

እትዬ የያዙትን የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እኔ ልናገር ስል ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

"የት ገባሽ አንቺ?" ሁለተኛው ከፍ ብሎ ነበር፤ ማጉያውን ጨምረውት መሰለኝ። እትዬ ዝም አሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ያ የነገሩኝ ነገረኛነት ሲመጣ አየሁት።

"የት ገባሽ አንቺ?"

አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ እምቢ አላቸው። እንደገና ሞከሩ፣ ምንም የለም፤ እንባቸው ብቻ መጣ። ከበሩ ወዲያ ጸጥ አለ፤ አንድ ጣት ፊደል ሲፈልግ የሚፈጀውን ያህል ጸጥ አለ።

"ሦስት ሞላ እኮ" አለ ድምፁ።

እትዬ ብድግ ሲሉ ብርጭቆው ተገለበጠ፤ ዞር ብለውም ሳያዩት በሩን ከፍተው ገቡ። እኔ የፈሰሰውን ውሃ ትተውት በሄዱት ቢጫ ጨርቅ ጠረግሁላቸው።